ሁለት የግራ እጅጌ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ደንበኛ ገና ደጃፉን ሲረግጥ በዓይኗ ለክታ ስለምትጨርሰው ሰፈሩ «ሜትር» ይላት ነበር።

ድባቴ ሲይዛት ቀድሞ ያስደነገጠን ሐዘኗ ሳይሆን መርሳቷ ነው። ክር ልታመጣ ተነስታ ጓዳ መሃል ቆማ ትቀራለች። ስናናግራት መልሷ ከሩቅ አገር የሚመጣ ያህል ይዘገያል። በዚያው ሰሞን ለባሏ ለአጎቴ ኮት ስትቆርጥ ጨርቁን ሳትገለብጥ ቀረችና ሁለት የግራ እጅጌ አወጣች። እጅጌዎቹንም መቀሱንም መሳቢያ ውስጥ ከተተች።

«ደንበኛ ከመጣ መልሱልኝ» አለችና ተኛች።

ሐኪም ያዘዘላት መድኃኒት አልሠራላትም። ሐኪሟ የኤሌክትሪክ ሕክምና ሲያነሳባት ፊቷ ተለወጠ።

«የተረፈችኝንም ጭንቅላት ልታቃጥሏት ነው?»

«በማደንዘዣ ተኝተው ነው እትዬ፤ አይሰማዎትም። የዚህ ሰሞን ነገር ግን ከትዝታዎ ሊጠፋብዎት ይችላል። ሁሉም ላይመለስ ይችላል።»

«መቁረጥ ብረሳስ?»

«እሱን እየወሰደብዎት ያለው ሕመሙ ነው። እናስመልሰው ነው የምልዎት። ቃል ግን አልገባም።»

አጎቴ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። «እኔን ከረሳሽኝ እንደገና አገባሻለሁ» አላት። አልሳቀችም፤ እጁን ግን ያዘች።

ከሕክምናው በኋላ ራሷን ያማት ነበር፤ አንዱን ጥያቄም ትደጋግማለች። እያደር ምግብ ጠየቀች፤ እያደር አንገትጌዬ መጥበቡን አየች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሳቢያውን ከፈተች።

«ይኼን ማነው የቆረጠው?» እጅጌዎቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። «ሁለቱም የግራ ናቸው እኮ።»

አጎቴ «እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ? መርፌ ላይ ክር ማስገባት የማትችለው ሰውዬ?»

«ሲጨንቀኝ ሞከርኩ።»

እጅጌው ላይ የቀረውን የጠመኔ መስመር በጣቷ ተከተለችው። የራሷ እጅ ሥራ መሆኑን ያወቀች ይመስለኛል።

«ቁም እስቲ።»

ቆመ። ዓይኗን አጥብባ አየችው፣ ደግማ አየችው። ከዚያ ለማንም አንስታው የማታውቀውን የመለኪያ ሜትር ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ክንዱ ላይ ዘረጋች።

«ሰፈሩ ይኼን እንዳያይ» አለ አጎቴ።

«አትንቀሳቀስ። እኔ ሳላይህ ከስተሃል።» ወገቡንም ለካችው። «እንደገና አገባሻለሁ ብለኸኝ አልነበር? በዚህ ኮት ማንም አታገባህም።»

የተረፈውን ጨርቅ ዘረጋች፤ መቀሱን ከማንሳቷ በፊት ገለበጠችው።