ጀርጀር የተባለው ቤት

ጋንጋ ወንዝ ዳር ባለችው ቅድስት ከተማ፣ ካሺ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ሊወድቅ የደረሰ ቤት ላይ የሚጽፉበትን ቀይ ቀለም ይዘው ሲመጡ ሁሉም በሩን ይዘጋል። ጎረቤቴ እማማ ፉልመቲ ግን ወጥተው ቆሙ። ሰዎቹ ግድግዳቸው ላይ አንዲት ቃል ጽፈው ሄዱ።

«ምን አሉኝ፣ ቢምላ?» አሉኝ፤ ማንበብ አይችሉም።

«ጀርጀር ነው ያሉት፣ እማማ።»

ይህን ቃል ላረጀ ነገር ሁሉ አንለውም። ሲነኩት ለሚቦጨቅ ጨርቅ፣ ውሃ ለሚያስገባ ጀልባ፣ ለመውደቅ ሰበብ ለሚፈልግ ቤት ነው። ለሰው ገላም ይባላል፤ ፊት ለፊት የሚለው ግን ባለጌ ብቻ ነው።

«ለቤቱ ነው ለኔ?» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ከጣሪያው አቧራ ረገፈ። እኔ አልሳቅኩም፤ ያ ቤት ያስፈራኛል። ነፋስ ሳይኖር ምሰሶው ያቃስታል።

እማማ ባላቸው ሲሞት ከገጠር የመጡት እዚህ ለመሞት ነው። ካሺ የሞተ ዳግመኛ አይወለድም፤ ከወንዙ ማዶ የሞተ ግን አህያ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ ጋንጋን ተሻግረው አያውቁም፤ የልጅ ልጃቸው ሠርግ እንኳ ቀርቶባቸዋል። ሞት ሲዘገይባቸው ጊዜ የሰፈሩን ሕፃናት አሹ፣ የተጣላ አስታረቁ፣ ከአትክልት ሻጩ ጋር በየቀኑ ተጨቃጨቁ።

ወሬውን የሰማው ልጃቸው፣ ጡብ ሠሪው ጊርጃ፣ ከማዶ መጣ።

«እማ፣ ቤቱ ይጫንሻል። እኔ ጋ ነይ።»

«አህያ ሆኜ ጡብህን ልሸከምልህ?»

«ለክረምቱ ብቻ! ዝናቡ ሲያባራ እመልስሻለሁ።»

እምቢ አሉ። በሳምንቱ በረንዳው ተናደ። ጊርጃ እየጮኹበት አቅፎ ጀልባ ላይ ጫናቸው፤ በሩንም ቆለፈው።

ማዶ ሲደርሱ እንቅልፍ የሚባል እርም አሉ። ዓይኔን ከከደንኩ እዚሁ እቀራለሁ ብለው ቁጭ እንዳሉ ያነጉ ነበር። በመጨረሻ የጊርጃ አንጀት አልችል አለ፤ ሊመልሳቸው ተነሣ። ይህን ሁሉ የነገረኝ በኋላ ነው።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ደጃፌ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ድምፃቸውን ሰማሁ።

«አንቺ ቢምላ! ክብሪት አቀብዪኝ እንጂ፤ ጨለመብኝ እኮ!»

የለመድኩት ቁጣ ነው። መጡልኝ ብዬ ደስ እያለኝ ክብሪት ይዤ ሮጥኩ። በሩ ከውጭ እንደተቆለፈ ነው፤ ሸረሪት አድርቶበታል። ከውስጥ ግን የሰው ኮቴ ይሰማል።

እማማ ምን ሆነው ነው ብዬ በሩጫ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ጊርጃ እናቱን ታቅፎ ከጀልባ ሲወርድ አገኘሁት። እግራቸውን ነካሁ፤ ቀዝቅዟል።

«መሃል ወንዝ ላይ፣ እትዬ ቢምላ» አለኝ እንደ ሕፃን እያለቀሰ። «ትንሽ ነበር የቀረን። ሜዳ ላይ አስቀረኋት። እናቴን አህያ አደረግኳት!»

«ዝም በል! ከአንተ ቀድመው ደርሰዋል» አልኩት። «ቤት ገብተዋል። ጨለመብኝ ብለው ክብሪት ሲጠይቁኝ በጆሮዬ ሰማሁ።»

ጊርጃ ፊቴን ትክ ብሎ አየ። ከዚያ ቁልፉን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«እባክሽ ሂጂ ክፈቺላት» አለኝ።