ስንዴ ያልተዘራባት መንደርደሪያ

ሞይራ ታሊስ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። በእኛ በምዕራብ አውስትራሊያ የስንዴ አገር ከእሷ ያልተማረ አብራሪ ገበሬ ቢፈለግ አይገኝም። እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ቁጣዋ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከቤቷ ጀርባ ያለውን የአውሮፕላን መንደርደሪያ ከሟች ባሏ ጋር ቁጥቋጦ መንጥረው ነው ያወጡት። ሣሩን በጎች ይግጡታል። ልታርፍ ስትል መጀመሪያ ዝቅ ብላ በላያቸው ታልፍና ትበትናቸዋለች፤ ያን ድምፅ የሰማ የቤት ሰው ሻይ ይጥዳል።

እርሻውን ለወንድሟ ልጅ ለክሬግ ካስረከበች በኋላ ግን ሰውዬው ዓይኑን መንደርደሪያው ላይ ጣለ።

«አክስቴ፣ ዘጠኝ መቶ ሜትር ለም መሬት ለበግ መፈንጫ? ከአጨዳ በኋላ አርሰዋለሁ።»

«ሰብልህን በምን ልታይ?»

«መኪና አለኝ እኮ! በየቀኑ እዞረዋለሁ። እንከን የለውም።»

«ዳር ዳሩን ነዋ የምትዞረው። በል ና፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ግባ። እንከን ካጣሁበት መንደርደሪያውን እኔው ራሴ አርስልሃለሁ።»

እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁላት፤ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም፣ ስንዴው ደግሞ ከመንገድ ሲያዩት ያስጎመጅ ነበር። ክሬግም ከላይ ሲያየው ደረቱን ነፋ። በሁለተኛው ዙር ሞይራ ክንፉን አዘነበለችና በአገጯ አመለከተችን። ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ በአረንጓዴው መሀል፣ የአንድ ቤት ግቢ የሚያህል ቢጫ ነገር ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ክሬግ።

«አንተ ንገረኝ እንጂ፣ በየቀኑ የምትዞረው!»

አርፈን በእግር ገባን። ክሬግ ስንዴውን ገለጥ ሲያደርግ ጣቶቹ ብርቱካናማ ዱቄት ለበሱ። ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ነበር። ትንሽ ቢቆይ ማሳውን ሁሉ ያዳርሰው ነበር፤ በማግስቱ መድኃኒት ተረጭቶ ተረፈ። በአስተማሪዬ የኮራሁትን ያህል በራሴ ሥራ ኮርቼ አላውቅም።

ከሳምንት በኋላ ሞይራና እኔ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብተን ለመነሳት ተሰናድተን ሳለ ክሬግ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ።

«አክስቴ፣ መንደርደሪያውን አልነካውም።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞም... መብረር አስተምሪኝ።»

ሞይራ የወረዳውን ግማሽ ስታስተምር ከገዛ ቤተሰቧ አንድም ሰው ጠይቋት አያውቅም ነበር።

«አርባ ዓመት ጠበቅኩ» አለች። ከአብራሪው ወንበር ወረደች፣ በአውሮፕላኑ ፊት ዞራ ሄደች፣ እኔን ወደ ኋላ ወንበር አሻገረችና በቀኝ በኩል፣ በአስተማሪው ቦታ ተቀመጠች። «ምን ትገተራለህ? ግባ እንጂ!»