የእጅ ፍሬን የማይሳብበት መንገድ

ሺሃታ ሙርሲ መሀል ካይሮ፣ ከእኔ ሰዓት መጠገኛ ፊት ለፊት ባለው ጠባብ መንገድ መኪና መጠበቅ ከጀመረ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። የሰው ቁልፍ ይዞ አያውቅም። አያስፈልገውማ። መንገዱ ደልዳላ ነው፤ ደንበኛው ሁሉ ማርሹን ፎሌ ላይ ትቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳይስብ፣ በሩን ቆልፎ ይሄዳል። የቀረው የሺሃታ ትከሻ ጉዳይ ነው።

ጠዋት መንገዱ የመኪና ነው። ከአስር ሶላት በኋላ ሺሃታ መኪኖቹን አንድ በአንድ እየገፋ፣ ፓራውልት ለፓራውልት አስጠግቶ በግድግዳው ጥግ ያሰልፋቸዋል። በተለቀቀው ግማሽ ላይ ማዳም ደውለት የሻይ ቤቷን ጠረጴዛዎች ታወጣለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሻይ ቤቱን የያዘችው ብቻዋን ነው። አውጥታ ስትጨርስ ለሺሃታ ሻይ ትልክለታለች፤ እሱም አንድ ቀን ሳያጓድል «ስኳሩን ሰረቅሽኝ» ይላታል። ሌላ ውል በመካከላቸው አላየሁም።

ባለፈው ጸደይ ከአካባቢው አስተዳደር ወረቀት መጣ። መንገዱ ወይ የወንበር ወይ የመኪና ይሆናል፤ እሑድ ሰው መጥቶ፣ አይቶ ይወስናል ይላል። ወንበሩ ከተነሳ ደውለት ትዘጋለች። መኪናው ከተነሳ ሺሃታ በስልሳ ሦስት ዓመቱ ሥራ ፈት ሊሆን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻዩ ቀረ። እኔ በመካከላቸው አልገባሁም፤ የሁለቱም ሰዓት የሚጠገነው እኔ ጋ ነው።

እሑድ አንድ ወጣት ሹም መጣ። መኪናውን መሀል መንገድ ላይ አቁሞ ወዲያ ወዲህ ሲለካ ዋለ። አስር ተሰግዶ ሺሃታ መኪናውን ሊገፋ ቢታገል ንቅንቅ አልል አለው።

«ፍሬን ይዘሃል እንዴ ልጄ?»

«ታዲያስ አባቴ? መኪናዬን እንዲሁ ለቅቄ ልሂድ?»

«እዚህ ሁሉም ለቅቆ ነው የሚሄደው።»

«ማንን አምኖ?»

ሺሃታ «እኔን» ማለት አፈረ መሰለኝ። ሹሙ ወደ ደውለት ዞሮ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላት።

«እኔ የማውቀው ወንበሮቼን ነው» አለች፣ ሺሃታን ሳታየው።

ተናደድኩ፣ አልደብቅም። አንዲት ቃል ብትተነፍስለት ምን ነበረበት?

በሳምንቱ ውሳኔው መጣ። ወንበሮቹ ይቆዩ፣ መኪኖቹ ከጀርባ ባለው ሕንፃ ምድር ቤት ይቁሙ ተባለ። ሺሃታ ግን መምጣቱን አልተወም። ግድግዳው ሥር ቆሞ ባዶውን አስፋልት ሲያይ ይውላል። ደውለት ሻይ መላኩን እንደገና ጀመረች፤ እሱ ሳይነካው ይቀዘቅዛል።

በስድስተኛው ቀን ከድሮ ደንበኞቹ አንዱ፣ ጠበቃው ሩሽዲ፣ ፊታቸውን አጥቁረው በእግራቸው መጡ። ቢጫ መኪናቸው ምድር ቤቱ ቁልቁለት ላይ ተንሸራትታ ግድግዳ ገጭታለች።

«ያንተ ጥፋት ነው» አሉት።

«የኔ? እኔ የት ነበርኩ ጌታዬ?»

«እሱ ነዋ ጥፋትህ። ሠላሳ ዓመት አስለምደኸኝ እጄ ፍሬን መሳብ ረስቷል። በዚህ ዕድሜዬ እንደ አዲስ መንዳት ልማር?»

ሺሃታ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀ። «ክፉኛ ተጎዳች?»

«አፍንጫዋ ተጣሟል።»

በማግስቱ ከአስር በኋላ ጠበቃው ያቺኑ አፍንጫ ጠማማ አምጥተው ከጠረጴዛዎቹ አጠገብ፣ መሀል መንገድ ላይ አቆሟት። ቆልፈው፣ ማንንም ሳያናግሩ ወደ ቢሯቸው ወጡ። ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ደውለትን አየ። ብድግ አለችና ግድግዳው ሥር ካሉት ጠረጴዛዎች ሁለቱን በገዛ እጇ አነሳች።

«ግፋ እንጂ ሀጂ፣ ምን ታየኛለህ?»

ሺሃታ መዳፉን ጀለቢያው ላይ ጠራረገና ትከሻውን ሰጠ። መኪናዋ እሺ ብላ ሄደች። ካስጠጋት በኋላ ጀርባውን ሰጥቶን መስታወቷን በእጅጌው ወለወለ። ሻዩ ሲመጣለት እስከ ጭላጩ ጠጣው። ስለ ስኳሩ ምንም አላለም።