የሚበራው ክርና የእህትማማቾቹ ኪኒን

ሥራህ ምንድን ነው የሚለኝ ሰው ሲመጣ ወሬ ማስቀየር ይቀናኛል። ባሕር ማዶ ለዶክትሬት የምማረው ዲኤንኤን እንደ ክር አድርጎ መጠቀምን ነው። ክሩ ከሰውም ከእንስሳም አልተወሰደም፤ በማሽን የተሠራ ነው። ክሮቹን ጠብታ ውሃ ውስጥ እንከታቸዋለን። ማገዶ የምንለውን ሌላ ክር ስንጨምርባቸው ይያያዙና ብርሃን ይሰጣሉ። ውሃው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ማገዶውን እየበላ ሲጨርሰው ይፈታታሉ፣ ብርሃኑም ይጠፋል። ሰውነታችን ውስጥ ብዙው ነገር የሚኖረው እንዲሁ ጉልበት እየበላ ነው፤ ጉልበቱ ሲቋረጥ ይፈርሳል። እኛ ይህንን ለማስመሰል እንሞክራለን። ይህን ሳስረዳ አብዛኛው ሰው "እግዚአብሔር ይርዳህ" ብሎኝ ይሄዳል።

እናቴ ግን እንዲህ በቀላሉ አትለቅም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቢቸና ብቻዋን ነው የምትኖረው። ባለፈው ሐምሌ ለእረፍት ስገባ፣ ምሳ እንደበላን "እስቲ ያን ሥራህን አሳየኝ" አለችኝ። ስልኬ ላይ የነበረውን ቪዲዮ ከፈትኩላት። አረንጓዴው ብርሃን ቦግ አለ፣ ጥቂት ቆይቶ እየደከመ ሄደ።

"ውይ፣ ጠፋ! ተበላሸብህ?"

"አልተበላሸም፣ እማ። ማገዶው አልቆ ነው።"

"ታዲያ ጨምርበታ!"

"ስጨምርበት እንደገና ይበራል። ይኸውልሽ።"

"አንዴ አብርተኸው በዚያው እንዲቀር ብታደርገውስ?"

"በሕይወት ያለ ነገር እንደዚያ አይሆንም። ሁልጊዜ ማገዶ ይፈልጋል።"

ስለገባት ደስ ብሎኝ ምሳሌ ጨመርኩ። "እንደ ግፊት ኪኒንሽ በይው። ስትውጪው ግፊትሽ ይወርዳል፣ ስታቆሚው ተመልሶ ይወጣል።"

ስልኩን ቀስ ብላ መለሰችልኝ።

"ድነሻል ብለኸኝ አልነበር?"

ብያታለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ይዤላት በመጣሁት መለኪያ ለካኋትና ቁጥሩ ቢያስደስተኝ "እሰይ፣ አሁንማ ድነሻል" አልኳት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እኔ ኪኒኑ እየሠራ ነው ማለቴ ነበር። እሷ ደግሞ የዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል ብላ ተወችው። ከዚያ ወዲህ ከጤና ጣቢያ በየወሩ የሚሰጧትን እየተቀበለች "እኔ ድኛለሁ" እያለች ሞጣ ላሉት ታላቅ እህቷ በሰው ትልክ ነበር። አክስቴም ግፊት አለባቸው፣ የታዘዘላቸውም ያው አንድ ዓይነት ኪኒን ነው፤ ሞጣ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቱ ይጠፋል።

መለኪያውን አምጥቼ ለካኋት። ቁጥሩ ክፉኛ ወጥቷል። አልነገርኳትም፤ ጮኽኩባት እንጂ። የተናደድኩት በራሴ ነበር፣ የጮኽኩት ግን በእሷ ላይ ነው። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

እሷ ጩኸቴንም የሰማች አልመሰለኝም። "መንገድ ከተዘጋ ሁለት ወሩ ነው፤ ምንም አልላክሁላቸውም" አለች። "እትዬ ጋ ያለው እኮ አልቋል!"

ደውለን እንዳንጠይቃቸው ስልክ አይሠራም ነበር። የሁለቱ ወር ኪኒን በመሐረብ ተቋጥሮ ሣጥኗ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ዋጪ ብዬ ለመንኳት።

"ይሄ የእትዬ ነው" አለችኝ። "እሳቸው ሳይውጡ አልነካውም።"

ደግነቱ ያን ዕለት ማታ መንገዱ መከፈቱን ሰማን። በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን እናቴ ራሷን በሻሿ ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ምን ሆንሽ ስላት "ምንም" አለች። እስከ ሞጣ ድረስ ዓይኔን ከፊቷ አላነሳሁም፤ እጇ ላይ ያለውን ቋጠሮ ነጥቄ አንዱን በግድ ላስውጣት አላስውጣት እያልኩ ስሟገት ደረስን።

አክስቴ በር ላይ አገኙን። እናቴ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ "እትዬ፣ ኪኒኑ አለቀብዎት አይደል?" አለች።

አክስቴ ወደ ጓዳ ገቡና አንድ ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። ከፈቱት። እናቴ የላከችው ሁሉ አለ፤ አንድም አልተነካም።

"ግፊት መቼ ይድናል?" አሏት። "ለእኔ ብለሽ ከአፍሽ ነጥቀሽ እንደላክሽው ገብቶኛል። ያን እንዴት እውጣለሁ? ሲብስብሽ ይደርስልሻል ብዬ አስቀመጥኩት። በሰው ልመልስልሽ ብል መንገዱ ተዘጋ።"

"እርስዎስ ምን ሲውጡ ከረሙ?"

"እኔማ ምን እሆናለሁ፣ እዚህ ሲገኝ እውጣለሁ፤ ሲጠፋ እተዋለሁ።"

ለካኋቸው። ከእናቴም ይብሳል።

ያን ጊዜ ደግሞ ማን ይቅደም ይባባሉ ጀመር። "እርስዎ ይቅደሙ፣ እትዬ።" "አይሆንም፣ አንቺ ነሽ ከመንገድ የመጣሽው።" አልቻልኩም። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁ፣ መዳፋቸው ላይ አንድ አንድ ኪኒን አስቀመጥኩና "አብራችሁ!" ብዬ ጮኽኩ። አክስቴ ፊት ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። አንዳቸው የሌላኛቸውን ጉሮሮ እያዩ ዋጡ። እንባዬን እንዳያዩብኝ ፊቴን አዞርኩ።

"ይሄ እስከ መቼ ያቆየናል?" አለች እናቴ ከኋላዬ።

"እስከ ነገ ጠዋት።"

"ከዚያስ?"

"እንደገና ነዋ።"

"ዕድሜ ልክ?"

"ዕድሜ ልክ።"

እህቷን ጥቂት አየቻቸው። ከዚያ ከመቀነቷ ጫፍ የቤቷን ቁልፍ ፈታችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"እንግዲያማ" አለችኝ፣ "ቢቸና ብቻህን ትመለሳለህ።"