ሃናን እሳት የምትለኩስበት ተራራ

ቅዳሜ ጠዋት ቻምበርስ ሮድ ካለው ቤቴ የተነሣሁት ልጄን ከሥራዋ ላስወጣት ነው። ለእሷ ግን ምሳ አመጣልሻለሁ ነው ያልኳት። ሃናን እዚሁ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ ተወልዳ ኮሌጅ ጨረሰችና፣ ከሥራ ሁሉ መርጣ ጫካ የሚያቃጥል ቡድን ውስጥ ገባች። ሰደድ እሳት ለመከላከል ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር እየገፋሁ ያሳደግኳት ለእሳት አይደለም። አለቃዬን ለምኜ እዚያው የቢሮ ቦታ አስይዤላታለሁ፤ እስከ ማታ መልስ ይጠብቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ሳምቡሳዬን ጠቅልዬ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ሀይዌይ ሰባን ይዤ ወደ ምዕራብ ነዳሁ። ሴንትራል ፓርክ የሚባለውን ሰፈር ሳልፍ ተራሮቹ ፊት ለፊት ወለል ብለው ታዩኝ፤ ሌላ ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ዓይኔን ወደ አስፋልቱ መለስኩ። ከዴንቨር ወጥቼ መንገዱ ሽቅብ መጠማዘዝ ሲጀምር አንድ ነዳጅ ማደያ ቆምኩ። አራት ዶላር ከፍዬ የጠጣሁት ሻይ ሻይ አይባልም። ሻጩ ሽማግሌ ቡናማውን ገደል በመስኮት እያየ፣ “ድሮ በዚህ ወር በሬን የምከፍተው በረዶውን በአካፋ ዝቄ ነበር” አለኝ። “አሁን ጫካው ሁሉ ክብሪት ሆኗል።” ከዚያ በኋላ ከቁርኣን አያተል ኩርሲን እየደጋገምኩ ነዳሁ።

ተራራው ላይ

ሃናን ፊቷ ጥላሸት ለብሶ መንገድ ዳር ጠበቀችኝ።

“ማሚ፣ እዚያ ጋ ፓርክ አድርጊ። ከእነዚያ ብርቱካናማ ኮኖች እንዳታልፊ፣ ኦኬ?” ብላ ሄልሜት አጠለቀችልኝ። አለቃዋ ካረን ሳምቡሳውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

የሚያቃጥሉት የቆመውን ዛፍ አልነበረም። ደቃቃውን ዛፍና የደረቀውን ቅርንጫፍ በሙቀቱ ወራት ቆርጠው ይከምሩታል፤ መሬቱ በረዶ ሲለብስ ክምሩን ይለኩሱታል። ዘንድሮ ግን በረዶው እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለ ነው።

“ድሮ ትንንሽ እሳት ጫካውን ያጸዳው ነበር” አለችኝ ሃናን። “ለብዙ ዓመት ሁሉንም ሲያጠፉ ማገዶው ተከማቸ። እኛ ትንሽ ትንሽ ካላቃጠልን፣ ሰመር ላይ ትልቁ እሳት መጥቶ ዛፉንም፣ ወፉንም፣ የምንጠጣውንም ውሃ ያበላሻል።”

“ያንቺውስ ቢያመልጥ?”

“ለዚህ ነው ነፋስ ቼክ የምናደርገው” ብላ ወደ ጓደኞቿ ሄደች።

እኔ ከኮኖቹ አጠገብ ቀረሁ። አጠገቤ ትናንት የነደደ ክምር ነበር፤ ከአመዱ ቀጭን ጭስ ይወጣል። አካፋም ተጋድሟል። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ማታ ማታ ፍም ማዳፈን የእኔ ሥራ ነበር። የተዳፈነ እሳት ለእኔ የተኛ እሳት ነው። እጄ ሳያማክረኝ አካፋውን አነሣ፤ አመዱን ዝቄ ፍሙ ላይ መለስኩበት፤ ጭሱም ቆመ። ልጄን ያገዝኩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ ነፋሱ ከተራራው ቁልቁል መጣ። አመዱን ገፎ ወሰደው፤ ፍሙ ቀላ፤ ፍንጣሪው በረዶ የሌለበት ደረቅ ሣር ላይ ተበተነ። ሣሩ ሲያያዝ ጮህኩ። “እሳት!” ማለት ሲገባኝ “ሃናን!” አልኩ። እየሮጠች መጣች። እኔ እንድትሸሽ እየለመንኩ እሷ ወደ እሳቱ ገባች፤ ካረንና ሌሎቹም ውሃ አዝለው ተከተሏት። ጭሱ ሁሉንም ዋጣቸው። ያ አላህ! የአካፋ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማኝ፤ የማን አካፋ እንደሆነ አላውቅም። አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ጭሱ ሲገፈፍ ሃናን ቆማ ታስላለች።

“አመዱን ማን መለሰበት?”

“እኔ ነኝ ልጄ።”

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። “ማሚ፣ ሸፈንሽው እንጂ አላጠፋሽውም። ለነገ ነው ያቆየሽው።”

ይህን እኔ ነኝ የማላውቀው? ጠዋት ጠዋት ከዚያው ፍም አልነበር የምናነድደው! ሃናን ክምሩን በትና ውሃ አፈሰሰችበት፣ አመሰችው፣ ጓንቷን አውልቃ በእጇ ጀርባ ዳሰሰችው። “አሁን አንቺ ንኪው” አለችኝ። እየፈራሁ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ጭቃ ሆኗል። ካረን በነፋሱ ምክንያት አዲስ ክምር እንዳይለኮስ ከለከለች። የነደደውን እየዳሰሱ ሲያጠፉ ዋሉ።

መመለሻ

ሃናን ከእኔ ጋር ተመለሰች። መኪናው ጭስ ጭስ ይሸታል። የተኛች መስሎኝ ነበር፤ ቻምበርስ ሮድ መብራት ላይ ዓይኗን ሳትከፍት፣ “ማሚ፣ የኤርፖርቱን ጆብ ኖ በያቸው” አለች።

“ማን ነገረሽ?”

“አንቺ ሳምቡሳ የምትጠብሺው የሆነ ነገር ስትፈልጊ ነው። ኤርፖርት ግቢ ስትዪኝ ደግሞ ከርመሻል።”

ሳቅኩ፤ ሳቄ ወደ ልቅሶ ተለወጠብኝ። ቤት እንደገባን ለአለቃዬ ደውዬ፣ “አትመጣም” አልኩት። ተራራ ድረስ ሄጄ የገባኝ ይኸው ነው፤ እሳቱ ልጄ ብትኖርም ባትኖርም ይመጣል፤ እሷ ካለች ግን ትንሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ይህን ማወቄ ፍርሃቴን አልቀነሰልኝም። ሰኞ ተመልሳ ትሄዳለች።

እሷ ስትታጠብ ጃኬቷን አነሣሁ። ቁምሳጥን ውስጥ ከመስቀሌ በፊት በእጄ ጀርባ ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው። እጅጌውን ገልብጬ እንደገና ዳሰስኩት።