አያ አዘዘ እጃቸው ላይ የተቀመጡ ለት

ከባሕር ዳር እስከ ሐሙሲት ብትጠይቁ እንደ አያ አዘዘ ስብሰባ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። አሣ ማጥመዱንስ ተዉት፤ አንድ ጊዜ የያዙት አምባዛ ታንኳውን ከነእሳቸው እየጎተተ ደቅ ደሴት ሊያደርሳቸው ነበር። ውሸት የሚል ካለ አምባዛውን ይጠይቅ! ብቻ ወሬው የስብሰባው ነው።

በደርግ ጊዜ የአሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሲቋቋም፣ ካድሬው "የሚደግፍ?" ሲል ቀድማ የምትወጣ የአያ አዘዘ እጅ ነበረች። እሷ ስትወጣ አዳራሹ ሁሉ ይወጣል፤ ስትወርድ ይወርዳል። "የሚቃወም? የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም።" ከዚያ ጭብጨባ። ደርግ ሄደ፣ ካድሬው ሄደ፣ የማኅበሩ ስም ስንቴ ተለወጠ፤ የአያ አዘዘን እጅ ማየት ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም። እሳቸውም ኮሩበት እንጂ አላፈሩበትም። "ሊቀ መንበር ይሻራል፣ እጅ አይሻርም" ይላሉ።

ዘንድሮ መሲ የምትባል የቢሮ ልጅ መጣች። አሣ የሚወርድበት ዳርቻ ከነመጋዘኑ ለኩባንያ ይከራይ፣ ኩባንያው በረዶ ቤት ይሥራ፣ እናንተም ባለ አክሲዮን ሁኑ፣ አዲሱ አሠራር ይኸ ነው አለች። የአያ አዘዘ ደም ፈላ። ዳርቻው ከሄደ ታንኳ ወዴት ይጠጋል? ግን እጃቸው ለ"የሚደግፍ" እንጂ ለሌላ ተነሥታ አታውቅም። ቢጨንቃቸው ሁለቱንም እጃቸውን ከታፋቸው ሥር ሸጉጠው ተቀመጡባቸው።

"የሚደግፍ?" አለች መሲ።

ዓይን ሁሉ ወደ አያ አዘዘ። እጅ የለም።

"የሚቃወም?"

የለም።

"ድምፀ ተአቅቦ?"

እሱም የለም።

"እንዴ! ሰው የለም እንዴ እዚህ?"

"አያ አዘዘ እጃቸው ላይ ተቀምጠው እኮ ነው!" አለ መረብ ሠሪው ገድሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "ያውጧት እንጂ፣ እኛም እንገላገል!"

ይኼኔ ሚስታቸው ሸዋዬ፣ ዕድሜዋን አሣ ስትበልት የኖረችው፣ ከኋላ ብድግ ብላ ብቻዋን እጇን አነሣች። ባሏን ዘወር ብላ እንኳ አላየች።

"እቃወማለሁ። በረዶ ቤቱስ ይምጣ፣ አሣችን ፀሐይ እየመታው ይበላሻል። መጋዘኑ ይከራይ። ዳርቻውን ግን ለማንም አልሰጥም።"

"ኧረ ሸዋዬ፣ ባልሽ ገና አልወሰኑም!" አለ ገድሉ።

"እሳቸው ይቀመጡ፤ እኔ ቆሜያለሁ።"

ከዚያ ከጥግ አንድ እጅ፣ ከመስኮቱ ሥር ሌላ። አንዱ "መጋዘኑም አይነካ"፣ አንዱ "ሁሉም ይሂድ" እያለ፣ ተጯጩሆ የማያውቅ ማኅበር ተጯጯኸ። ሲመሽ የሸዋዬ ሐሳብ አለፈ፤ በሙሉ ድምፅ አይደለም፣ በጥቂት ብልጫ ነው።

አያ አዘዘ የደነዘዘ እጃቸውን እያሹ ተነሡ። የዚያን ለት እሳቸውን የተከተለ አንድ ሰው አልነበረም። ከፋቸው? ምን ሲደረግ! አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣

"ልጄ፣ ቀድማ የተቃወመችዋን ስሟን አሳምረሽ ጻፊ" አሏት መሲን። "የኔ ሚስት ናት። መርጨ ነው ያገባሁ!"