በካንዴላ የማለው ከማሉዲን

የዚያን ቀን ንፋሱ የመጣው ከአፋር በኩል ነበር። የግንቦት ንፋስ ነው፤ ዝናብ የሚያመጣ መስሎ አቧራ አራግፎ የሚሄድ። ቆቦ ገና በጠዋቱ ዱቄት የተነፋባት መሰለች። ያሰጣሁትን ልብስ ሳላነሳ ቀርቼ ነጩም ጥቁሩም አንድ መልክ ሆነ። ቀኑን የማስታውሰው ግን በንፋሱ አይደለም፤ ንፋሱማ በየዓመቱ አለ። የማስታውሰው ባሌ ከማሉዲን በሰው መኪና የተነሳ እኔን የፈታበት ቀን ስለሆነ ነው።

ከማሉዲን መካኒክ ነው። ጋራዡ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ወረድ ብሎ ይገኛል። ሙያውን የተማረው የጭነት መኪና ስር ተኝቶ ነው። እጁ ጥሩ ነው፤ ይህን አልክድም። አፉ ግን ከእጁ ይቀድማል። መኪና ገና ግቢው ሳይገባ ድምፁን ከመንገድ ሰምቶ በሽታውን ይናገራል፤ የተጠራጠረው ሰው ካለ ደግሞ ይምላል። ሌላው ሰው በአሏህ ይምላል፤ እሱ በእኔ።

«እንዲህ ካልሆነ ኡሙሃኒ ፈት ናት!»

እንዲህ ብሎ የሚምል ወንድ በራያ ሞልቷል፤ የእኔው ግን አበዛው። በትዳራችን ዘመን በፍሬን ሸራ፣ በራዲያተር፣ በኩሽኔታ ሁሉ ምሎብኛል። ተሳስቶ ስለማያውቅ አልተፈታሁም። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ «ኡሙ፣ ዛሬስ ባል አለሽ?» ይሉኛል። «የገልባጩ ፍሬን ተከፍቶ ሲታይ እነግራችኋለሁ» እላለሁ።

እሱባለው የሚባል የጤና ጣቢያ ፋርማሲስት አለ፤ ተመድቦ የመጣ የጎጃም ልጅ ነው። አንዲት ያረጀች አውቶማቲክ የቤት መኪና ከአዲስ አበባ ገዝቶ መጣ። ማርሿን ራሷ ትቀይራለች፤ የሾፌሩ ሥራ ነዳጅና ፍሬን መርገጥ ብቻ ነው። ግን አንድ አመል አላት። ቆማ ደህና ናት፣ ስትነሳም ደህና ናት፤ ሜዳው ላይ ወጥታ ስልሳ ገደማ ስትደርስ አስፋልቱ ኮረኮንች የሆነ ይመስል ትንዘፈዘፋለች።

«ካንዴላ ነው፤ እሳት አይሰጥም» አለ ከማሉዲን፣ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት።

ከማዶ ጋራዥ የከፈተው ዘካሪያስ ክሪክ ሊዋስ መጥቶ ቆሞ ነበር። በዕድሜ ከባሌ ያንሳል፣ በአፍ ግን አያንስም። «ጋሽ ከማሉ፣ እኔ ኮንቨርተሩ ይመስለኛል» አለ።

«ኮንቨርተር? ይሄን ደግሞ ከስልክህ ላይ ነው ያመጣኸው?»

«አዎ ከስልክ ነው። አንተ ለመሆኑ ከጭነት መኪና ስር ወጥተህ አውቶማቲክ ያየኸው መቼ ነው?»

በር ላይ የቆሙት ሳቁ። ከማሉዲን በሰው ፊት ሲሳቅበት ፊቱ ይጠቁራል።

«የካንዴላ ችግር ካልሆነ ኡሙሃኒ ፈት ናት!»

እኔ ምሳውን ይዤ በሩ ላይ ደርሼ ነበር። «ምሳህን የት ላስቀምጥልህ?» አልኩት።

ካንዴላዎቹ ተቀየሩ። መኪናዋ ተንዘፈዘፈች። «ካንዴላው ፎርጅድ ነው» አለና ደግሞ ሌላ አስመጣ። ተንዘፈዘፈች። «ነዳጁ ውሃ ተቀላቅሎበታል» አለ። ነዳጁ ተቀድቶ ወጣ፤ እሷ እንደ ልማዷ ተንዘፈዘፈች። ወሬው ከጋራዥ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ መስጊድ ሄደ፤ ሸህ ሙሀመድሰይድ ሁለታችንንም አስጠሩን።

«ከማሉ፣ ካንዴላው ተቀየረ?»

«ተቀይሯል፣ ሸህዬ።»

«መኪናይቱስ?»

«ያው… ትንሽ ትንሽ…»

«ትንሽ ትንሽ ምን?»

«ትንቀጠቀጣለች።»

ሸሁ ሳቃቸውን በጺማቸው ደበቁ። «እንግዲህ ነገሩ እስኪጣራ ተለያይታችሁ ተቀመጡ። ዘካሪያስ እንዳለው ኮንቨርተሩ ከሆነ አንድ ጠላቅ፣ አንድ ፍቺ፣ ወድቋል። ዒዳዋ፣ የመቆያ ጊዜዋ፣ ሳያልቅ መልሻታለሁ ካልክ ሚስትህ ናት። ካለፈህ ግን አዲስ ኒካህ ነው፤ እሱም እሷ ከወደደች።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ ምን እላለሁ፣ ሸህዬ። ካንዴላ አላውቅ።»

እህቴ ፈሪሀ ሮቢት ትኖራለች፤ ወደ እሷ ልሄድ ልብሴን በሻሽ ቋጠርኩ። ዘካሪያስም በዚያው ጠዋት መኪናዋን በሮቢቱ ቀጥ ያለ መንገድ ሊፈትሻት ተነስቶ ስለነበር፣ ለምን በከንቱ ለሚኒባስ እጋፋለሁ ብዬ ከኋላ ገባሁ። ዘካሪያስ ይነዳል፤ ከማሉዲን ከጎኑ ተኮሳትሮ ተቀምጧል፤ ባለመኪናው እሱባለው ከእኔ ጋር ነው፤ በመካከላችን የእኔ ቋጠሮ።

ከከተማው ወጥተን ስልሳ ስንደርስ ጀመራት። ጥርሴ ተንገጫገጨ።

«አሁን ነዳጁን ሳልለቅ» አለ ዘካሪያስ «በግራ እግሬ ፍሬኑን ነካ ብቻ አደርጋለሁ። እንዳይዝ፣ ነካ ብቻ።»

ነካ አደረገ። መኪናዋ ጸጥ አለች። ለቀቀው። ጥቂት ቆየችና ተንዘፈዘፈች። ደግሞ ነካ አደረገ። ጸጥ።

«ካንዴላ ቢሆን ፍሬን ምን አገባው?» አለ። ከማሉዲን በመስኮት የማሽላውን ማሳ ያይ ጀመር። እሱባለው ግን ለመኪናው ስለጨነቀው እንዲያስረዳው ለመነ።

«በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ዘይት የሞላበት፣ ድስት የሚያክል ብረት አለ» አለ ዘካሪያስ። «ውስጡ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ማራገቢያዎች አሉ። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፣ እሱ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ሌላውን ያዞራል።»

«ውሃ ተርባይን እንደሚያዞረው?»

«ልክ እንደዚያ። ፍጥነት ስትይዝ ደግሞ አንድ ሸራ ሁለቱን አጣብቆ ያስራቸዋል። ሸራው ሲያልቅ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል፤ መንቀጥቀጡ እሱ ነው። ፍሬን ስትነካ ሸራው ጨርሶ ይለቃል፤ ጸጥ የምትለው ለዚያ ነው።»

እኔ ትምህርቴን በጊዜ ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ይህ ግን ወዲያው ገባኝ። ያዝ ለቀቅ ከሚያደርግ ነገር ጋር ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ።

«እስቲ እኔ ልያዛት» አለ ከማሉዲን። ቦታ ተቀያየሩ። ነዳ፣ ተንዘፈዘፈች፤ ነካ፣ ጸጥ አለች። ደጋግሞ ሞከረው። ፈሪሀ ደጅ ላይ ሲያቆም «አጋጣሚ ነው» አለ።

ቋጠሮዬን ይዤ ወረድኩ።

«ወዴት ነሽ? አንመለስም እንዴ?»

«ማን ከማን ጋር?» አልኩት። ዘካሪያስ እስኪያስለው ሳቀ።

ፈሪሀ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። እሷ ስትሸጥ እኔ እየለቀምኩ ሰነበትኩ። ከማሉዲን ስልክ ይደውላል።

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«ስትመልሰኝ።»

«ያልፈታሁትን ምኑን እመልሳለሁ?»

«ታዲያ መኪናዋ በካንዴላ ዳነች?»

ይዘጋዋል። ችግሩ ይኸው ነበር። መልሻታለሁ ማለት ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ቢሞት ይህን ቃል አይተነፍስም። እስቅ ነበር እንጂ ፍርሃቱም ነበረብኝ። በእኔ ዕድሜ በእህት ቤት መቀመጥ ሁሌም እንግድነት ነው፤ ሳህን ስታነሺ እንኳ ታስፈቅጃለሽ። ቤቴን፣ ራሴ የተከልኩትን ፓፓያ አስበዋለሁ። ዒዳዬ እያለቀ ነው፤ ሰውየውም ዒዳዬ አልቆ ጸጉሩ ቢሸብት ቃሉን የማያጥፍ ነው።

«ተይው፣ ሌላ ታገቢያለሽ» አለችኝ ፈሪሀ።

«ማንን? ደግሞ በጎማ የሚምል?»

ቆቦ ላይ የሆነውን እሱባለው ነው በኋላ የነገረኝ። ካምቢዮ ለማውረድ የሚመች ጉድጓድ ያለው የከማሉዲን ግቢ ብቻ ስለሆነ ዘካሪያስ የግድ እሱ ጋ መጣ። ሁለቱ እየተሰዳደቡ አወረዱት። የተቀዳው ዘይት ጥቁር ሆኖ ያረረ ነገር ይሸት ነበር። ሌላ ኮንቨርተር ከአዲስ አበባ ተልኮ ተገጠመ፣ አዲስ ዘይት ተሞላ፤ መኪናዋ በጎብዬ በኩል ወልድያ ደርሳ ስትመለስ አንዴም አልተንዘፈዘፈች። ማታውን ከማሉዲን ግቢውን ዘግቶ ግራይንደር ሲያስጮህ አመሸ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ የፈሪሀ ደጅ ላይ ባጃጅ ቆመ። ከማሉዲን በጆንያ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፎ ወረደ፤ ሽንኩርቱ መሀል ቁጭ አደረገው። ዙሪያውን በግራይንደር ተቆርጦ ለሁለት የተከፈለ ብረት ነበር። ውስጡ ያለው ሸራ ተልጦ፣ አንዳንድ ቦታ እንዳረረ ድስት ጠቁሯል።

«ይኸው» አለ።

«ምንድን ነው?»

«አታይውም?»

«እኔ ስለ ብረት ምን አውቃለሁ። በአፍህ ንገረኝ።»

ባለባጃጁ ሞተሩን አጠፋና ጆሮውን አቀና።

«ሸራው አልቋል።»

«የምን ሸራ?»

«የኮንቨርተሩ።»

«ካንዴላውስ?»

ከማሉዲን ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «ካንዴላውም ያረጀ ነበር።»

ፈሪሀ ሽንኩርቱ ላይ ተንከባልላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። «እንግዲያው ባጃጅህ እየጠበቀህ ነው» ብዬ ወደ ሽንኩርቴ ዞርኩ።

ባጃጁን አየ፣ ብረቱን አየ። ከዚያ አቧራው ላይ ለሚያልፍ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ጮኸ፦ «ኮንቨርተር ነበር! ተሳስቻለሁ! ኡሙሃኒን መልሻታለሁ! አንተ ባለባጃጅ፣ ምስክር ነህ!»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ፈሪሀ። «ሁለተኛ እህቴን በመኪና ብትምልባት ግን ብረትህን በራስህ ላይ ነው የምከምረው።»

«አልምልባትም፣ ወላሂ።»

ቋጠሮዬን አነሳሁ። ያንን ብረት ጥሎት አይመጣም፤ በመካከላችን አስቀምጦት እስከ ቆቦ ቀሚሴን ዘይት አጠጣው።

አሁን ከማሉዲን ያው ቆቦ፣ ያው ጋራዥ ውስጥ ነው። አውቶማቲክ መኪና ሲመጣለት በሮቢቱ መንገድ ወስዶ ፍሬኑን ነካ ያደርጋል፤ ከዚያ በፊት ግን ካንዴላውን ሳያወጣ አይሄድም። የማይገባው ነገር ሲገጥመው ዘካሪያስን ይጠራል፣ ሲመጣ ይሰድበዋል። ሲናደድ በራሱ ጺም ይምላል። የኮንቨርተሩ ግማሽ ታጥቦ የዶሮዎቼ ውሃ መጠጫ ሆኗል። እኔም ምሳውን ይዤ እሄዳለሁ፤ እሱም መኪና ስር ሆኖ እጁን ብቻ ይዘረጋል።